ለመጨረሻዋ ጠመንጃ ገዢ ፍለጋ

ቢንደሽዋሪ ሚስትሪ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን አልነበረም፤ ክንዱን ነበር። ከክርን መታጠፊያ እስከ ሌባ ጣት ያለውን ርቀት በዓይኑ ለክቶ ካልጨረሰ የሚወራው ወሬ አይገባውም። ሴት ልጁን ካንቻንን የሚያገባውን ወጣት ሊያዩ በሄዱ ጊዜ፣ ዘመዶቹ ስለ ልጁ ትምህርትና ስለ አባቱ መሬት ሲጠያየቁ እሱ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ሲወጡ «አሥራ አራት ኢንች ከሩብ ነው፤ ደህና ልጅ ይመስላል» አለ። ሚስቱ ሱሚንትራ ይህን ለጎረቤት ስታወራ ሃያ ዓመት አልሰለቻትም።

ሥራው ሰደፍ መጥረብ ነበር። በሙንገር ከተማ የጠመንጃ ሠሪዎች ግቢ፣ በሀፊዝ ባክሽና ወንድሞቹ ወርክሾፕ፣ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ መስኮት ሥር ሳይነሣ እንጨት ጠርቧል። ከእሱ በፊት አባቱ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። ግቢው አንድ በር ብቻ ነው ያለው። ጠዋት የሚገባ ይመዘገባል፣ ማታ የሚወጣ ይፈተሻል፤ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ፣ ጫማውን አውልቆ። ቢንዶ (ሁሉም የሚጠራው እንዲህ ነው) በወጣትነቱ፣ ፈታሹ የሱሚንትራን ሊቲ፣ በሶ የተሞላውን ድቡልቡል ዳቦ፣ ቆርሶ ውስጡ የጠመንጃ ምላጭ ተሸሽጎ እንደሆነ ሲያይ ደሙ ይፈላ ነበር። ኋላ ለመደው። ፈታሹ ጡረታ ሲወጣ «የሚስትህን እጅ እንደ እኔ ያወቀ የለም፤ በርበሬ ታበዛለች» ብሎ ተሰናበተው።

በደጉ ዘመን ሠላሳ ምናምን ወርክሾፖች በአንድ ጣሪያ ሥር ይሠሩ ነበር። የሞረዱና የመዶሻው ድምፅ ከግቢው አልፎ እስከ ገበያው ይሰማል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ያዘዘ ሰው ዓመት ይጠብቃል። ባለመሬቶች ኮት እንደሚያሰፋ ሰው መጥተው ክንዳቸውን ያስለካሉ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጉንጫቸው የት ላይ እንደሚያርፍ ያሳያሉ። ቢንዶ ደግሞ ከካሽሚር የመጣውን ዋልነት እንጨት፣ መልኩ እንደ ውሃ ሞገድ የተጠማዘዘውን፣ ለማን እንደሚሰጥና ለማን እንደሚከለክል በልቡ ይወስናል። ዋጋ የከፈለ ሁሉ ጥሩ እንጨት አያገኝም ነበር።

ከዚያ አደን ተከለከለ። ቀጥሎ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ማግኘት ከሰማይ ኮከብ ማውረድ ሆነ። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ምርጫ በመጣ ቁጥር ጠመንጃውን ፖሊስ ጣቢያ ያስረክባል፣ ከወር በኋላ ተሰልፎ መልሶ ይወስዳል። የባንክ ዘበኞች መሣሪያቸውን ከሌላ አገር ማስመጣት ጀመሩ። ድሮ ልጁን ሲድር ለአማቹ ጠመንጃ የሚያስይዝ ሰው ሞተር ሳይክል መግዛት ጀመረ። ወርክሾፖቹ አንድ በአንድ እየተቆለፉ ሄዱ። ከቢንዶ እኩዮች አንዱ ግቢው በር ላይ ሳሞሳ ይጠብሳል፤ አንዱ ጉጃራት ሄዶ አልጋ ይሠራል፤ አንዱ በጋንጋ ወንዝ ደሴቶች ላይ ተደብቀው ሽጉጥ ከሚቀጠቅጡት ጋር ገብቶ እስር ቤት ነው። በሀፊዝ ባክሽ ወርክሾፕ የቀሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቱ ናዒም ሳሄብ፣ አፈሙዝ የሚያጣጥመው ኩርባን፣ እና ቢንዶ።

የዱርጋ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ናዒም ሳሄብ ጉልበታቸውን ፀሐይ እያስመቱ በሩ ላይ ተቀምጠው ሳለ ቢንዶን ጠሩት።

«ዘንድሮ ስንት ሸጥን?»

«አንድም አልሸጥንም፣ ሳሄብ።»

«መዝገቡም የሚለው እንደዚያ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ፈቃዱን የማሳደስ ነገር አለ። ባዶ መዝገብ ይዤ ከዚያ የፈቃድ ሹም ጠረጴዛ ፊት ከምቆም፣ ፈቃዱን በገዛ እጄ ብመልስ ይሻለኛል።»

ቢንዶ በእጁ የያዘውን መሮ ሲያገላብጥ ቆየ። «አንድ ቢሸጥስ?»

ናዒም ሳሄብ ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ቀላቀለ። «አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፣ ቢንዶ።»

«ጭስ ግን ያወጣል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ ሲያውቁት፣ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ሲጠይቅ ሁለት ጊዜ አይበልጥም። «እሺ፣ ፈልግ» አሉት። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለአንዲት ጠመንጃ ገዢ ካገኘህ አሳድሳለሁ። ካላገኘህ ቁልፉን አስረክባለሁ፤ ያኔ እንዳትለምነኝ።»

ቤቱ ሲገባ ነገሩን ለሱሚንትራ ነገራት። እሷ ኤግፕላንት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

«የካንቻን አባት፣ ለልጅዎ ባል ስንፈልግ ሁለት መንደር ዞረው እግሬ ብለው ተኙ። አሁን ለጠመንጃ ባል ፍለጋ አገር ሊያካልሉ ነው?»

«የልጅቷ በሁለተኛው መንደር ተገኘ። ባይገኝማ እሄድ ነበር።»

«ይቺም ጥሎሽ ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ እስቲ» አለችና፣ ለመንገዱ የሽምብራ በሶ በጨርቅ ቋጠረችለት።

መጀመሪያ የሄደው ጃማልፑር ነው፤ ጡረታ ከወጡ አንድ ርእሰ መምህር ቤት። ሰውየው ፈቃድ እንዳላቸው ያውቃል። ሻይ አቀረቡለት፤ የመጣበትን ሳይነግራቸውም ከአልጋ ሥር በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ስበው አወጡ።

«እግዜር ነው የላከህ» አሉት። «ይህን ውሰድልኝ። በነጻም ቢሆን። በየምርጫው በሪክሾ ተሸክሜው ስሄድ መንገደኛው ሁሉ ‹መምህር፣ የትኛውን ባንክ ሊዘርፉ ነው?› ይለኛል። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው።»

ቢንዶ አንሶላውን ሲገልጥ አወቀው። የራሱ ሥራ ነው፤ ያገባ ዓመት የሠራው። ከእጁ መያዣ በላይ ያለችውን ትንሽ ጉድጓድ በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የልጅ ልጆቼ ናቸው። ክሪኬት ተጫወቱበት።»

መልሶ መግዛት እንደማይችል አስረዳቸው፤ ሕጉ የራሱ መንገድ አለው። ከቦርሳው የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ አውጥቶ ሰደፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወለው፣ አንሶላው ውስጥ መልሶ ጠቀለለውና ወጣ። በአውቶቡስ ሲመለስ ደስም አላለው፣ አላዘነምም፤ ብቻ ያቺ ጉድጓድ ከአውራ ጣቱ ላይ አልጠፋችም።

ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ቤት ሄደ። አንዱ «ልጄ ካናዳ ነው፤ ማን ሊተኩስ?» አለው። አንዱ በሩን ሳይከፍት በመስኮት መለሰው። አንዱ ደግሞ ስለ ጠመንጃ ግማሽ ቀን አጫውቶት፣ መጨረሻ ላይ ፈቃዱ ካለቀ ሰባት ዓመት እንደሆነው ነገረው። ቢንዶ በየዕለቱ ሲመለስ ኩርባን ዓይኑን ሳያነሣ «እህ?» ይላል፣ እሱም «የለም» ይላል።

ስለ ሻርዳ ዴቪ የነገረው የጀልባ ቀዛፊ ነው። ከጋንጋ ማዶ፣ ወንዙ ባመጣው ደለል ላይ የምታርስ ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ፈቃድ አላት፤ ኒልጋይ ሽምብራዋን እየጨረሰባት ነው። ኒልጋይ ሰማያዊ ላም ማለት ነው፤ ላም ግን አይደለም፤ በቅሎ የሚያክል የዱር አውሬ ሆኖ፣ በአንድ ሌሊት የአንድ ቤተሰብን ዓመት ጋጥ አድርጎ የሚሄድ ነው።

ቢንዶ ከሁለት ሞተር ሳይክልና ከአንድ የፍየል መንጋ ጋር ተሻገረ። ሻርዳ ዴቪን ያገኛት ማሳዋ መካከል፣ በቀርከሃ ማማ ላይ ተቀምጣ ቆርቆሮ ስትደበድብ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከወንዙ ማዶ የሚሰማ። የመጣበትን ሲነግራት ከማማው ሳትወርድ ቁልቁል አየችው።

«ጠመንጃ ሻጭ ጠመንጃ ሳይዝ ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ።»

«ልብስ ሰፊ ልብስ ይዞ አይመጣም፤ ሜትር ይዞ ነው የሚመጣው።»

ይህ መልስ ሳያስደስታት አልቀረም፤ ወረደች። ጠመንጃ ነበራት፤ የባሏ። ባለፈው ምርጫ ፖሊስ ጣቢያ አስረከበች፣ ከዚያ ጎርፍ መጣና ጣቢያውን ሞላው፤ ጠመንጃውም መዝገቡም አብረው ሄዱ።

«ባይሄድም አልተኩሰው ነበር» አለች። «አንድ ጊዜ ተኮስኩ። ትከሻዬ በልዞ ወር ሙሉ እኔ ራሴ ኒልጋይ መስዬ ከረምኩ። አውሬው ግን ቆሞ አየኝና ሽምብራውን ቀጠለ።»

«ጠመንጃው አላጠፋም። የተሠራው ለባልዎ ነው። ረጅም ሰው ነበሩ፤ እጃቸውም ረጅም፣ አንገታቸውም።»

«ያውቁት ነበር እንዴ?»

«አላውቃቸውም። ከእርስዎ ትከሻ ነው የማውቀው።»

ሻርዳ ዴቪ ክንዷን ዘረጋች። ቢንዶ ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ ከክርኗ መታጠፊያ እስከ ጣቷ ለካና ቋጠሮ አሰረበት፤ ከጉንጯ እስከ ትከሻዋ ለካና ሌላ ቋጠሮ አሰረ። አሥራ ሁለት ኢንች ተኩል። በዕድሜው እንዲህ ያለ አጭር ሰደፍ ሠርቶ አያውቅም። ዋጋ ተከራከሩ፤ እሷ «ከወተት ጎሾቼ አንዷን እሸጣለሁ፤ ጠመንጃዎ ግን ወተት እንደማይሰጥ አይርሱት» አለችው፣ እሱም ትንሽ ቀነሰላት።

ለዚህች ጠመንጃ የሚሆን እንጨት ለማግኘት ናዒም ሳሄብ ራሳቸው ቆጡን አስከፈቱ። አባታቸው የገዟቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የደረቁ ጥቂት ሳንቃዎች ነበሩ። ቢንዶ አንድ በአንድ እየዳሰሰ፣ በጣቱ እያንኳኳ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ እያሸተተ ግማሽ ቀን ፈጀ። የመረጠው ከሁሉ የምታምረዋን አልነበረም፤ ከሁሉ የምትቀለዋን ነው። «ለዚያች ሴት ክንድ» አለ።

ስድስት ሳምንት ሠሩ። ኩርባን ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ሁለቱን አፈሙዞች ሲያጣጥም ከማየት ይልቅ መዳሰስ ያበዛ ነበር፤ ዘይት የነካ ጥላሸት ቀብቶ ይገጥማል፣ ይነቅላል፣ ጥላሸቱ የነካውን ከፍ ያለ ቦታ በሞረድ አንድ ጊዜ ብቻ ላስ ያደርገዋል፣ ደግሞ ይገጥማል። በቀን አንዳንዴ ሦስት ቃል አይነጋገሩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ኩርባን ሞረዱን አስቀመጠና ጠየቀ።

«እውነቱን ንገረኝ። አንዲት ጠመንጃ ይህን ቤት አታድነውም። አንተም ታውቃለህ። ምን ፈልገህ ነው?»

ቢንዶ መላጊያውን ገታ አደረገ። «የአምናዎቹን ስድስት ታስታውሳቸዋለህ?»

ኩርባን ያስታውሳል። ለአንድ የጥበቃ ድርጅት፣ በርካሽ ዋጋ፣ በአሥር ቀን ድረሱልኝ የተባሉ ስድስት ጠመንጃዎች። እንጨቱ ማንጎ ነበር፤ ማንጎ መሆኑ እንዳይታወቅ ጥቁር ቀለም ተቀባ። አንዱ በመጀመሪያው ተኩስ ሰደፉ ተሰንጥቆ ተመለሰ፤ ድርጅቱም ዳግመኛ አላዘዘ።

«እነሱ ናቸው የመጨረሻዎቹ» አለ ቢንዶ። «ዛሬ ቢዘጋ፣ የሀፊዝ ባክሽ ቤት መጨረሻ የሠራው እነሱን ነው። አባቴ እዚህ መስኮት ሥር አርባ ዓመት ተቀምጦ። የአንተም አባት። ይዘጋ፤ ግን በእነሱ አይዘጋ።»

ኩርባን ሞረዱን አነሣና ያጣጠመውን አፈሙዝ መልሶ ፈታው። ጨርሼዋለሁ ያለውን ሥራ እንደገና ጀመረ፤ ያም አራት ቀን ጨመረ።

ዓመቱ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀር ጠመንጃዋ አለቀች። አሁን የቀረው ወረቀት ነው። የሻርዳ ዴቪ ፈቃድ ላይ የባሏ ጠመንጃ ተመዝግቧል፤ እሱ ካልተሰረዘ አዲስ አይጻፍም። ማዶ ያለው የፈቃድ ቢሮ «ፖሊስ ጠፍቷል ብሎ ይጻፍ» ይላል፤ ፖሊስ ጣቢያው «መዝገብ የለንም፣ ያልተመዘገበ ነገር ጠፋ ብለን አንጽፍም» ይላል። ቢንዶ ሁለት ቀን ተመላለሰና ተስፋ ቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ሻርዳ ዴቪ አብራው መጣች። የቢሮው ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ቋጠሮዋን ፈታች፣ በሶዋን በሳህን ላይ አድርጋ ሽንኩርትና ቃሪያ ትከትፍበት ጀመር። ሽታው ቢሮውን ሞላው።

«እመቤት፣ እዚህ አይበላም» አለ ጸሐፊው።

«ልክ ብለሃል፣ ልጄ። እርሻዬ ላይ ነበር መብላት የነበረብኝ። ግን እዚያ አውሬው እየበላ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ቦታ የለም።»

«ጠፍቷል የሚል ወረቀት ያምጡ ብያለሁ።»

«ጣቢያው በጎርፍ ሲሰምጥ አንተም ከጣሪያ ላይ ሆነህ አይተሃል። የሚመሰክርልኝ ወንዙ ነው፤ እሱን ደግሞ ጠርተህ ማስፈረም ትችላለህ።» ሳህኑን ገፋ አድርጋለት «ና ቅመስ፤ ቃሪያው ከደጄ ነው» አለችው።

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ። ጸሐፊው አልቀመሰም፤ ግን እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሽታውን አሸተተ። በመጨረሻ አለቃው ከውስጥ ወጥተው «ይህች ሴት ነገም ትመጣለች?» ብለው ጠየቁ። «እስከ አጨዳ ድረስ፣ ጌታዬ» አለች ሻርዳ ዴቪ። ማኅተሙ በማግስቱ ተመታ።

ጠመንጃዋን ለመውሰድ የመጣች ቀን፣ ናዒም ሳሄብ ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ለገዢ የተነሡት ለጥቂት ሰው ነው። ቢንዶ ጠመንጃዋን በሁለት እጁ አቀረበላት። አነሣቻትና ትከሻዋ ላይ ስታሳርፋት ጉንጯ በራሱ ቦታውን አገኘ፤ አንገቷን አልሰበረችም፣ ክንዷን አልጎተተችም። በግቢው ጀርባ፣ መሣሪያ በሚሞከርበት የአሸዋ ክምር ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰች። ትከሻዋን ዳሰሰች።

«ይቺ እኔን ታውቀኛለች» አለች።

ቢንዶ ወደ ሌላ ቦታ አየ። ኩርባን ቀለሆቹን ከመሬት ለቀመና ጉንጩ ላይ የነካውን ጥላሸት በእጀታው ጠረገ፤ ጥላሸት ብቻ መሆኑን ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ተጻፈ፣ ፈቃዱም ታደሰ። በቀጣዩ ዓመት ግን አንድም ትእዛዝ አልመጣም፤ ቢንዶም ገዢ ፍለጋ አልሄደም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ናዒም ሳሄብ ጠርተው «እንግዲህ፣ ቢንዶ?» አሉት። «እንደ ፈቀዱ፣ ሳሄብ» አላቸው። ሽማግሌው ሲከራከራቸው ጠብቀው ኖሮ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው ብዙ ቆሙ። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ የሠራው ቤት የተዘጋው ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት ነው። ቁልፉን የተረከበው ባለ ሥልጣን ቸኩሎ ነበር፤ ሻይ እንኳ አልጠጣም።

ከመዘጋቱ በፊት የነበረው ዓመት ለቢንዶ ቀላል አልነበረም። ከተዘጋ በኋላ ያሉት ወራትም አልቀለሉትም። ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዙን ከለበሰ በኋላ የት ሊሄድ እንደነበር ይረሳል። ሱሚንትራ አንድ ቀን «የጎረቤታችን በር ተጣሞ አልዘጋ ብሏል፤ እርስዎ ደግሞ መላጊያ አለዎት» አለችው። ሄዶ ሠራው። ከዚያ መስኮት መጣ፣ ከዚያ የሙሽራ ሳጥን። ክፍያው ያነሰ ነው፤ ግን የሚፈትሸው የለም፣ ምሳውንም ሙሉውን ይበላል። ኩርባን ሱራት ከሚኖር ልጁ ዘንድ ሄደ፤ በየዓርቡ ስልክ ይደውላል፤ ስለ ዓይኑ ያወራሉ።

ባለፈው የሽምብራ ወቅት ቢንዶ አንድ የበር ፍሬም ለማድረስ ወንዙን ሲሻገር፣ መንገዱን አስረዝሞ በሻርዳ ዴቪ ማሳ በኩል ሄደ። ሽምብራው እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። ዓመት ሙሉ የተኮሰችው አራት ጊዜ፣ ሁሉንም ወደ ሰማይ መሆኑን ነገረችው፤ አውሬዎቹ ድምፁን ስለሚያውቁት ጠመንጃዋን ገና ስታነሣት ይሸሻሉ። ጠመንጃዋን አምጥታ አሳየችው። ቢንዶ ሰደፉን በፀሐይ በኩል አዙሮ አየና ፊቱን አጠቆረ።

«ዘይት አልቀቡትም።»

«ረሳሁ።»

«በየሦስት ወሩ ብዬ ነበር። እንጨት እኮ ይጠማል።»

«እሺ፣ ሚስትሪ፣ ሽምብራውን ላስገባና—»

«የተልባ ዘይት አለዎት? አሁን ያምጡት።»

ዘይቱን አመጣች። ከማማው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በመዳፉ እያሻሸ፣ እንጨቱ እየጠጣ ሲሞቅ ይሰማው ነበር። የከሰዓት በኋላው ጀልባ ጥሩንባውን ሲነፋ ሰማ፤ አልተነሣም። ሻርዳ ዴቪ ሻይ ልታፈላ ወደ ቤት ሄደች፣ የሚቀጥለው ጀልባ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።